አራተኛውን ምዕራፍ ማን አነበበው

ባሌ መጽሐፍ እየጻፈ ነው። የሰማ ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ይለኛል፤ እኔ ግን "እግዜር ይማርልሽ" ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ፋርማሲ ውስጥ የሐኪሞችን ጽሑፍ ሲፈታ ስለሚውል እጁም የእነሱን ይዟል፤ የሞነጫጨረውን ከእኔ በቀር የሚያነብለት የለም። ደግነቱ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። እተይባለሁ፣ አባዛለሁ፣ በየምዕራፉ ከምሬ ከየክምሩ አንድ አንድ እያነሳሁ እደረድርና በስቴፕለር መትቼ እሰጠዋለሁ። እንዴት ነው ብሎ ግን አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ለዚህ ሥራ "አንባቢዎቼ" የሚላቸው፣ ኮፒውን የሚያድላቸው ሦስት ሰዎች አሉት።

ታሪኩ ወደፊት ሊመጣ ስለሚችል ከተማ ነው። አስተዳደሩ የከተማውን መስኮት ሁሉ በጥቁር ቀለም አስቀብቶ በየቤቱ ስክሪን ሰቅሏል፤ ሰው ሰማይ የሚያየው ሲፈቀድለት፣ ያውም በስክሪን ነው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ምን ያደርጋል፣ ገና ታሪኩ መንገድ ሳይጀምር አንድ ጄኔራል ብድግ ይልና ንግግር ያደርጋል። ሦስተኛው ምዕራፍ ከዳር እስከ ዳር የጄኔራሉ ንግግር ነው። ስተይበው ከጣቴ ይልቅ ትዕግሥቴ ደከመ።

አራተኛው ግን ሌላ ነው። ጄኔራል የለበትም። አንዲት አሮጊት አልጋዋ ላይ ሆና የመስኮቷን ቀለም በማንኪያ እጀታ ስትፍቅ ስትፍቅ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ቀዳዳ ትከፍታለች። በቀዳዳዋ ሰማይ አይታይም፤ የሚታየው የጎረቤት ገመድና የተሰጣ ልብስ ብቻ ነው። እሷ ግን የማን አንሶላ በደንብ እንዳልታጠበ፣ የማን ሸሚዝ ክንዱ እንደተቀደደ እያየች ለብቻዋ ትስቃለች።

እናቴ ናት። ታማ እኛ ቤት ተኝታ በነበረ ጊዜ በመስኮት የጎረቤቱን ገመድ እያየች የሰፈሩን ልብስ አጣቢ ሁሉ ስታማ ትውል ነበር። እኔ ሱቅ ስውል፣ ባሌ የማታ ፈረቃ ይዞ ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ይቀመጥ ነበር። ከቀበርናት ወዲህ ስለ እሷ ትንፍሽ ብሎ ስለማያውቅ የረሳት መስሎኝ ቆይቷል። ያን ምዕራፍ ስተይብ ፊደሎቹ እስኪጠፉኝ አለቀስኩ። አልነገርኩትም፤ አልጠየቀኝማ።

አንባቢዎቹ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጡ። አንዱ ጥርስ ሐኪም ነው፤ አፉን ከፍቶ መመለስ ከማይችል ሰው ጋር ሲያወራ ስለሚውል ዓለም በሙሉ የሚስማማለት ይመስለዋል። ሁለተኛው ኢንሹራንስ ሻጭ ነው፤ ውል የሚያስፈርም ይመስል ሁሉን ያሞጋግሳል፣ "ግን" የምትለዋ መጨረሻ ላይ በቀስታ ትመጣለች። ሦስተኛው ዋርሳዬ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ሦስት ዓይነት ትምህርት ጀምሮ አንዱንም ስላልጨረሰ ቤተ ዘመዱ "ፕሮፌሰር" ይለዋል።

ሻይ እየቀዳሁ ሰማኋቸው። ጥርስ ሐኪሙ የወደፊት ሰው ጥርስ ስለማያስፈልገው ይህ ነገር በመጽሐፉ ቢገባ አለ። ፕሮፌሰር ሮቦት አንሶታል አለ። ባሌ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እንደ ተማሪ ሁሉንም ይጽፋል። ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ "አራተኛውስ?" አለ። መጻፉን አቁሞ ነበር፤ እኔ ብቻ ነኝ ያስተዋልኩት።

ጥርስ ሐኪሙ አራተኛው ይጎትታል አለ። ኢንሹራንስ ሻጩ በጣም ድንቅ ነው፣ ግን ቢወጣ መጽሐፉ ይቀለዋል አለ። ፕሮፌሰር በሱ ቦታ ውጊያ ይግባ አለ። ባሌ ቀስ ብሎ ደብተሩን ዘጋ። ከሄዱ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ፣ አራተኛውን ምዕራፍ ከኮምፒውተር አጥፊው አለኝ። እሺ አልኩት፤ አላጠፋሁትም።

በማግስቱ ሱቅ ስጠርግ፣ ከወረቀት መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር አንድ ክምር አገኘሁ። አራተኛው ምዕራፍ ነው፤ ያባዛሁት ሁሉ እንዳለ፣ አንድም አልጎደለም። ለካ ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ አባዝቼ፣ ስደረድር በሱ ፋንታ ያንኑ ነው ያስገባሁት። መሬቱ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፤ ደንበኛ ገብቶ ምን ሆነሻል እስኪለኝ ድረስ። ያን የጄኔራል ንግግር ሁለት ጊዜ ተከታትሎ የተሰጠው ሰው፣ አንድ ገጽ እንኳን ቢያነብ ኖሮ ይጮኽ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ሻዩን ቀድቼ እኔም ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ባሌ ግር ብሎት አየኝ።

"ዶክተር፣ አራተኛው ምዕራፍ ላይ የጎተተብዎት የቱ ጋ ነው?" አልኩ።

ጥርስ ሐኪሙ ሻዩን አስቀመጠ። ባሌ ሲያወራለት የሰማውን ይዞ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ "ያው ጄኔራሉ ነዋ፤ ንግግር ያበዛል" አለኝ።

እስቲ ወረቀታችሁን ግለጡት አልኳቸው። ገለጡ። ምዕራፍ ሦስት፤ ቀጥሎ ምዕራፍ ሦስት። ወረቀቱ እንደ አዲስ ብር አንድም እጥፋት አልነበረውም። ኢንሹራንስ ሻጩ እኛ የተቸነው አጠቃላይ መንፈሱን ነው አለ። ፕሮፌሰር ደግሞ፣ "እትዬ፣ ይሄ እኮ ያንቺ የኅትመት ስሕተት ነው" ብሎኝ አረፈ። ሦስቱም ድንገት ቀጠሮ ትዝ አላቸውና ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። እንዲህ በአንድ ቃል ሲስማሙ አይቻቸው አላውቅም።

ባሌ በመጀመሪያ እኔ ላይ ነበር የዞረው። ሆን ብለሽ ነው፣ ልታዋርጂኝ ነው አለኝ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ተሳስቼ ነው አልኩት። ያመጣሁትን ክምር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ላላነበቡ ሰዎች ብዬ ስንት ጊዜ አፈረስኩ ገነባሁ እያለ ብዙ ተቀመጠ። አላጽናናሁትም፤ ለሦስት ጅል ብሎ እናቴን ሊሰርዝ የነበረ ሰው ነው።

ኋላ፣ ወረቀቱን እያየ፣ "አንቺስ? እንዴት ነው?" አለኝ።

ለዚህ ጥያቄ ስንት ወር ሙሉ ስድብ ስሰበስብ ነበር። ለጄኔራሉ ብቻ ያዘጋጀሁት ለሦስት እሑድ ይበቃ ነበር። ሁሉም አፌ ላይ ቀረ።

"አንድ ስሕተት አለው" አልኩት። "ማንኪያውን በቀኝ እጇ አስይዘሃታል። እማዬ ግራኝ ነበረች።"

ቀና ብሎ አየኝና ዓይኑ እንባ ሞላ። "መጀመሪያ ግራ ብዬ ነበር የጻፍኩት" አለ። "ምን አስፈለገ ይሉኛል ብዬ ቀየርኩት።"

"እነማን?"

ባሌ ጥርስ ሐኪሙ ረስቶት የሄደውን እስክሪብቶ ከብርጭቆው አጠገብ አነሳና "ቀኝ" የሚለውን ሰርዞ ከላዩ ጻፈበት። ጽሑፉ እንደ ወትሮው የሚነበብ አልነበረም። እኔ አነበብኩት።