ለሁለት ክፍል የተነፋ ጥሩምባ

ወንድሜ ደርበው ካረፈ ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር ቀርቶታል። ሰው ስለ እሱ ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሳው ያን የጥሩምባውን ነገር ነው። ሁሉም ግን በየራሱ ነው የሚያወራው። አንዱ ሰው ሳይሞት አስለቀሰን ይላል፣ ሌላው ሽማግሌ አሞኘ ይላል። እኔ እዚያው ስለነበርኩ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ደርበው የትምህርት ቤታችን የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም አልተቀናቀነውም፤ ሥራው ደመወዝ የለው፣ አበል የለው፣ ወቀሳ ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ከገነተ ማርያም በላይ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው፣ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል። ለዓመት የሚላክለት ድጎማ ለጠመኔና ለተሰበረ ወንበር ሚስማር ከበቃ ትልቅ ነገር ነው። ያችኑም ቢሆን ደርበው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ ገቢና ወጪዋን ያነብ ነበር። እሱ "ጠመኔ ሁለት ካርቶን" ሲል ሰዉ ጫማውን እየፈለገ ነው። "የበር ቁልፍ አንድ" ሲል ግማሹ መንገድ ጀምሯል። እሱ ግን እስከ መጨረሻው አንብቦ "ጥያቄ ያለው?" ይላል፣ ደጁ ላይ ለቀረው ዋርካ።

አምና ኅዳር ላይ ከወረዳው ደብዳቤ መጣ። በስምንተኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ሃያ አራት ልጆች ያለፉት አምስት ብቻ ናቸው ይላል። ስለዚህ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ከወላጆች ሁለት ሦስተኛው የወረዳው ባለሙያ ባለበት ተሰብስበው የማሻሻያ ዕቅድ ያጽድቁ፤ በሚቀጥለው ፈተናም ቢያንስ ግማሹ ልጅ ይለፍ። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ተዘግተው ልጆቹ ከገደሉ ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት ይዛወራሉ።

ማዶ ማለት መውረድ ሁለት ሰዓት፣ መውጣት ሦስት ሰዓት ነው። የኔ እየሩስ ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ ከእሷ ሥር ደግሞ ሁለት ሴቶች አሉ። ባለቤቴ አረጋ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ደብዳቤውን ሲሰማ አንድ ቃል ብቻ ነው የተናገረው።

"ከተዘጋ ተዘጋ ነው። ሴት ልጅ ገደል ለገደል ስትንከራተት አትውልም።"

ከሙጃ በኩል የአንድ ባለበቅሎ ሽማግሎች መስከረም ላይ ቤታችን መጥተው ነበር። "ትማር" ብለን መልሰናቸዋል። ትምህርቱ ከቀረ ምን ብለን እንደምንመልሳቸው አረጋም አላወራ፣ እኔም አልጠየቅሁ።

ደርበው ስብሰባ ጠራ። አባወራው መቶ ሰማንያ ስድስት ነው፤ የመጡት አሥራ አንድ። ደግሞ ጠራ፤ ሰባት መጡ፣ ሁለቱ የጠፋ አህያ ሲፈልጉ የደረሱ ናቸው። በሦስተኛው እሱና ርዕሰ መምህሩ ቃለሕይወት፣ የማን እንደሆነች ያልታወቀች አንዲት በግም ተገኙ። ሰው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ስብሰባ ሲሉት መዋጮ ነው የሚሰማው።

የዚያን ዕለት ቤቴ መጥቶ ቆሎ እየቆረጠመ፣ "ባንቹ፣ እዚህ አገር ሰው ቢሞት ስንት ሰው ይወጣል?" አለኝ።

"ምን ያለ ጥያቄ ነው? ያልወጣ ማን አለ!"

"ለምን ይወጣል?"

"ቅሬ ነዋ! የቀረ ይቀጣል።"

ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ሬሳ ያነሳል፣ በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደርሳል። ሕጉ የማይታጠፍ ነው። ለበሽተኛ ጥሩምባ ሁለት ጊዜ ይነፋል፤ በአቅራቢያው ያለ ጎረቤት ይወጣል። ለሞተ ሦስት ጊዜ ይነፋል፤ ያን ጊዜ አራሽ ሞፈሩን ጥሎ፣ አጫጅ ማጭዱን ጥሎ ይወጣል።

ደርበው ቆሎውን ጨርሶ እጁን አራገፈና ሄደ። እኔም ነገሩን ረሳሁት።

ታኅሣሥ ሃያ ሰባት ጠዋት ጥሩምባ ተነፋ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ጥሩምባ ነፊው ሰውአገኝ ጉብታው ላይ ቆሞ፣ "ወደ ትምህርት ቤቱ ውጡ!" አለ እንጂ የሟች ስም አልጠራም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ። ልቤ የሄደው እየሩስ ዘንድ ነው፤ ያለችው ትምህርት ቤት ነዋ። መንገድ ላይ ያገኘሁት ሁሉ ልቡ ወደየልጁ ሄዶ ይሮጣል። ሴቱ ያለቅሳል፣ ወንዱ ለመቃብር መቆፈሪያ ዶማና አካፋውን ተሸክሟል።

ርዕሰ መምህሩ ከከተማ የመጣ ልጅ ነው። ከመቶ ሃምሳ የሚበልጥ ሰው ዶማ ተሸክሞ እያለቀሰ ወደ ግቢው ሲገባ ሲያይ፣ የፈተናውን ውጤት ሰምተው መጡብኝ ብሎ ቢሮው ገብቶ ቆለፈ።

ልጆቹ ሁሉ ደህና ናቸው። እየሩስን ሳያት እቅፍ አደረግኋት፤ እሷ ደግሞ፣ "እማ፣ ማን ሞተ?" ብላ ታለቅሳለች። የቅሬው ዳኛ ቄስ ታፈረ እያለከለኩ ደረሱ።

"ሬሳው የት ነው?"

ደርበው ሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆሟል። ከጎኑ የወረዳው ባለሙያ አቶ ሰይፈ ሥላሴ ማኅደሩን ታቅፎ የሚገባበት ጠፍቶታል።

"ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ናቸው፣ አባ" አለ ደርበው።

ከዚያ አገሩ በአንድ አፍ ጮኸ። አንዷ "እንባዬን መልስ!" አለችው። አረጋ፣ የገዛ ባለቤቴ፣ "አማቼ ባትሆን ኖሮ በዚህ ዶማ ነበር!" አለ።

ቄስ ታፈረ እጃቸውን አነሱ። "ሰውአገኝ! ማን ንፋ አለህ?"

"ደርበው ነው፣ አባ። ስም አትጥራ አለኝ፣ አልጠራሁም። እኔ ምን አጠፋሁ?"

"ደርበው፣ ክፍል ይሞታል?"

"ደብዳቤው ይኸው፣ አባ። በዚህ ወር መጨረሻ ይሞታል።"

"ገና ላልሞተ ሦስት ጥሩምባ ይነፋል?"

"አይነፋም።"

"ታዲያ ታሟል ነው የምትለው?"

"በጣም ታሟል።"

"ለበሽተኛ ስንት ነው የሚነፋው?"

"ሁለት።"

"ሁለት መሆኑን እያወቅህ!"

"አባ፣ ይፍቱኝ፤ በሁለት ጥሩምባ የሚወጣው ግማሹ አገር ነው። እኛ የተጠየቅነው ሁለት ሦስተኛ ነው።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ቄስ ታፈረ ዘወር ሲሉ ሳቁ ጠፋ። ከዚያ ሽማግሎቹን ይዘው ግድግዳው ሥር ተቀመጡና ተመካከሩ። እኛ ቆመን ጠበቅን። ባለሙያው በዚህ መሐል ሰዉን በጣቱ ይቆጥራል። "መቶ ሰባ አንድ አባወራ" አለ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ። እንዲህ ያለ ስብሰባ በሥራ ዘመኑ አይቶ አያውቅም መሰለኝ።

ሽማግሎቹ ተመለሱ። ፍርዱን ቄስ ታፈረ ቆመው ተናገሩ።

"ደርበው በሦስተኛው ጥሩምባ አጥፍቷል፤ የአንዱን ጥሩምባ ቅጣት አምስት መቶ ብር ይከፍላል። በሁለቱ አላጠፋም፤ በሽተኛ አለ። በሽተኛ ካለ ደግሞ ቅሬው አይተወውም፤ በሕጉ መሠረት በየተራ ያስታምመዋል። ከነገ ጀምሮ በየቀኑ ሁለት አባወራ በሁለቱ ክፍሎች በር ላይ ይቀመጣል። የቀረ ልጅ ካለ ለወላጁ ይነግራል፣ የቀረ መምህር ካለ ለእኔ ይነግራል። ተራውን የዘለለ እንደ ቀብር ቀሪ ይቀጣል። የተቃወመ?"

ቅሬን የሚቃወም የለም።

"ዕቅዱ ይህ ነው ብዬ ልጻፍ?" አለ አቶ ሰይፈ ሥላሴ።

"ጻፍ፣ ልጄ።"

"ለዕቅዱ የተመደበ በጀት የሚል ቦታ አለ፣ አባ።"

ቄስ ታፈረ ሰዉ የተሸከመውን ዶማ አዩ። "ሌላ ምን ይጎድለዋል ይላል ወረቀትህ?"

"የሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት። ጉድጓዱ እንኳን የለም።"

"ዶማው መጥቷል" አሉ።

የዚያን ዕለት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሦስት ሜትር ተቆፈረ። ከሁሉም በላይ የቆፈረው አረጋ ነው፤ ንዴቱን በአፈሩ ተወጣ። ባለሙያው በማኅደሩ ላይ "የኅብረተሰብ ተሳትፎ፣ በገንዘብ ሲተመን ሃያ ሁለት ሺህ ብር" ብሎ ጻፈ። ርዕሰ መምህሩ ያን ሲሰማ በሩን ከፍቶ ወጣ።

ማስታመሙ ቀልድ አልነበረም። መጀመሪያ ሰሞን ገበሬው በሩ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ እያንቀላፋ ያስታምም ነበር። እያደር ግን ትምህርቱ ጆሮው ገባ። አንድ ቀን የሒሳብ መምህሩ የማሳ ስፋት ሲያስተምር፣ አረጋ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ "መምህር፣ ይህ በሬ ሁለት ቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ በግማሽ ቀን አያልቅም!" ብሎ ጮኸ። መምህሩ ሰሌዳውን አየ፤ እውነትም ነጥቡን አለቦታው አስቀምጦታል። ከዚያ ወዲያ አረጋ ተራው ባይሆንም ይሄዳል። ማታ እየሩስን ደብተሯን አምጪ ይላታል፤ አያነብም፣ ግን ገጹ መሙላቱን ያያል።

መምህራኑ ደግሞ ማርፈድ ተዉ። ለሚያረፍድ መምህር በር ላይ ሁለት አስታማሚ "እንዴት አደሩ፣ መምህር? ምነው ደህና አይደሉም?" እያሉ ያዝኑለታል። ከስድብ የባሰ ነው።

ሰኔ ላይ ሃያ አንድ ልጆች ተፈተኑ። ግማሹ እንዲሆን አሥራ አንድ ማለፍ አለባቸው። ደርበው ውጤቱን በየቀኑ ይጠይቅ ነበር። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሆዱን ታመመ፤ በአራተኛው ቀን ሄደ። እንዲህ ነው፤ ስለ ሞቱ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

በሰልስቱ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን፣ ዝናቡ ሸራውን እየደበደበው፣ ርዕሰ መምህሩ ገባ። ጥግ ላይ ተቀመጠ። እጁ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ያወጣዋል፣ ይመልሰዋል።

ቄስ ታፈረ አዩት። "ኪስህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው፣ ልጄ?"

"ውጤቱ ነው፣ አባ። ዛሬ መጣ። ለሐዘን ቤት ስለማይሆን..."

"ውጤቱን ሲጠይቅ የከረመው ሰው ቤት ነው ያለኸው። አንብብ።"

ቆሞ አነበበ። ስም ይጠራል፣ "አልፏል" ወይም "አላለፈም" ይላል። ሰው ሁሉ ጣቱን ነጠላው ሥር ያጥፋል። እኔ እስከ አራት ቆጠርኩና ጠፋብኝ፤ የምሰማው አንድ ስም ብቻ ነው። አረጋ ከማዶ፣ ከወንዶቹ መሐል፣ ራሱን ይዞ መሬት መሬት ያያል።

"እየሩስ አረጋ" አለ ርዕሰ መምህሩ። "አልፋለች። ስድሳ ሰባት።"

አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። በወንድሜ ሐዘን ላይ ምን ድምፅ ይወጣል? ሊያስቀኝ ነው ሊያስለቅሰኝ አላውቅም፤ ብቻ ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል። አጠገቤ ያለችው ሸጌ እያለቀስኩ መስሏት ጀርባዬን ትመታለች፣ "ቻይው፣ ቻይው" ትላለች።

ሲያልቅ ቄስ ታፈረ፣ "ስንት?" አሉ።

"አሥራ ሦስት አልፈዋል፣ አባ። ክፍሎቹ አይዘጉም።"

አረጋ ተነስቶ ወደ ውጭ ወጣ። በድንኳኑ ቀዳዳ አየሁት፤ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ነበር። የሚታጠብ ይመስላል። ትንሽ ቆይቶ ሲመለስ በእኔ በኩል አልፎ ጎንበስ አለና፣ "ያ ባለበቅሎ ሽማግሌ ሊልክ ነው አሉ፤ ዘጠነኛ ክፍል ላሊበላ ገብታለች በይልኝ" አለ።

ቄስ ታፈረ ግን ገና አልጨረሱም ነበር።

"አሁን ደግሞ ያላለፉትን የስምንቱን ስም ለብቻ አንብብልኝ" አሉ። "ከአባቶቻቸው ተራውን የዘለለ ካለ፣ እዚሁ ድንኳን ውስጥ ነው ያለው።"

ከወንዶቹ በኩል ሁለት ሰዎች ሲነሱ አየሁ፤ ውኃ ሽንት ነው አሉ።