በትሮምቦን ነፊው ግንባር ላይ

ሰሊና መልሷን ከኮንሰርቱ በኋላ እነግርሃለሁ አለችኝ። ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ እሑድ ወደ አባቷ ቤት ሽማግሌ ልላክ ወይስ ልቆይ? ሽማግሌ የሚሆኑልኝ ጋሽ ኪራኮስ ሱፋቸውን አስተኩሰው ስልኬን እየጠበቁ ነበር።

ኮንሰርቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ስማር ስካ ከሚባል ሙዚቃ ጋር ተጣበቅሁ፤ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ወላጆቼ ቤት ከተመለስኩ ወዲህ ስለዚህ ሙዚቃ የማወራው ለእሷ ብቻ ነው። ሁለት አንጋፋ ባንዶች፣ አንዱ ከጃማይካ አንዱ ከእንግሊዝ፣ በአንድ ምሽት ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ሲመጡ ለእኔ ተብሎ የተዘጋጀ መሰለኝ።

«ገላው በመኪናው ራይድ ይሰጠናል» አለችኝ ሐሙስ ዕለት። «ቲኬትም ገዝቷል።»

ገላው እዚሁ አብሯት ያደገ ነው። እኔ ባሕር ማዶ መጽሐፍ ሳገላብጥ እሱ እሷን ትምህርት ቤት ያደርስ ነበር። መኪናው ውስጥ ስትገባ ሳታስፈቅደው ሬዲዮውን ቀየረች፤ ዓይኗ እንኳ ቁልፉን አልፈለገም። እኔ ከኋላ ሆኜ አየሁ።

«ስካ ምንድን ነው ግን?» አለ ድልድዩን ስንሻገር።

«ሬጌ ሳይወለድ የነበረ ነው። ጊታሩ የሚመታው ምቱ ላይ ሳይሆን በምቶቹ መሃል ነው፤ ይህም ታሪካዊ . . .»

«ወንድሜ፣ ይጨፈርበታል ወይስ ፈተና አለው?»

ሰሊና ሳቀች። እኔም የሳቅሁ መሰልኩ።

አዳራሹን የሞላው ጠባብ ባርኔጣ ያደረገ ሸበቶ ነበር። ጃማይካዎቹ ቀስ ብለው፣ አንዱ በከዘራ፣ መድረክ ላይ ወጡ፤ መጫወት ሲጀምሩ ግን ወለሉ ተንቀጠቀጠ።

«አሁን ትሮምቦኑን ስሚው» አልኳት ጆሮዋ ሥር።

«አንተ እያወራህ እንዴት ልስማው?»

ትሮምቦን የሚነፉት አዛውንት ወደ መድረኩ ጫፍ መጡ። ግንባራቸው በላብ ያበራል። ገላው ከኪሱ አምስት ዶላር መዘዘ።

ክንዱን ያዝኩት። «እብድ ነህ? እዚህ አገር ሰው ግንባር ላይ ብር አይለጠፍም! ሰርግ መሰለህ?»

«ነፉ እኮ! ሰውየው ነፉ!» አለና አምልጦኝ ሄደ፤ ተንጠራርቶ ለጠፈላቸው።

መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ ጠበቅሁ። አዛውንቱ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ፤ ብሩን ሳያራግፉ ጎንበስ ብለው ለገላው ብቻ ነፉለት። ሕዝቡ ጮኸ። ሰሊና እልል አለች። ስድስት ወር አብረን ስንወጣ ስንገባ እልል ማለት እንደምትችል አላውቅም ነበር።

እንግሊዞቹ ተራቸው ደርሶ መድረክ ላይ ሲወጡ እኔም ልለጥፍ ሃያ ዶላር አዘጋጀሁ። ዘፋኙ ግጥሙ መሃል ነበር፤ ዓይኑም ወደ ሌላ። እጄ ድንገት ፊቱ ላይ ሲመጣ የምመታው መስሎት ወደ ኋላ ዘለለ፤ ማይክራፎኑ ተንከባለለ። ጠባቂው አንገትጌዬን ይዞ በሩ ድረስ ሸኘኝ።

ፓርኪንጉ ውስጥ ቆሜ ሦስት ዘፈን በግድግዳ በኩል ሰማሁ። የሦስቱንም እያንዳንዱን ቃል አውቀዋለሁ፤ ያን ምሽት ግን የሰማሁት ሰሊናና ገላው ጎን ለጎን ሲጨፍሩ ነበር። በመጨረሻ ሰሊና ወጣች። የገላውን ጃኬት ደርባለች።

«ለምን መድረኩ ጋ ሄድክ?»

«ሙዚቃው ደስ ብሎኝ።»

«ውሸት። ሙዚቃውን እያየህ አልነበረም። እኔንም አይደለም። የምታየው እኔ ማንን እንደማይ ነው።»

ጠባቂው የጨመደደውን አንገትጌዬን አስተካከልኩ።

«ገላው ወንድሜ ማለት ነው» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሌላ ነገር የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ይህን አሁን ብታምነኝ፣ እሑድ ለጋሽ ኪራኮስ በሩን ራሴ እከፍትላቸዋለሁ።»

ዓይኖቿ ዓይኔ ላይ ነበሩ። አምኜሻለሁ ልላት አፌን ከፈትኩ።

«ታዲያ ጃኬቱ ምን ይሠራል አንቺ ላይ?» አልኳት።