ሦስት ጊዜ «ውጣ»

ሽማግሌውን መካኒክ አብራሪዎቹ «አባ ሦስቴ» ነበር የሚሏቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእነዚያን ያረጁ ባለሁለት መቀመጫ የጦር ጄቶች የመውጫ ወንበር ሲፈትሹ ኖረዋል። አደጋ ሲመጣ እንዴት ተተኩሶ እንደሚወጣ ለአብራሪዎቹ የሚያስተምሩትም እሳቸው ናቸው። ከክፍሉ ወለል ጋር በብሎን በታሰረ አሮጌ ወንበር ላይ ተማሪውን ያስቀምጡታል፤ ጭንቅላት ወደ ኋላ፣ ጀርባ ቀጥ፣ ክርን ሰብሰብ፣ ከዚያ በጉልበቱ መሀል ያለውን እጀታ መሳብ ነው። የጎበጠ ወገቡ ይሰበራል ሲሉ የቀለዱ መስሎት የሚስቅም አይጠፋም።

ሕጉ ቀላል ነው። ቀድሞ የሚወጣው የኋላው ነው፤ የፊተኛው ከቀደመ የወንበሩ እሳት የኋላውን ይለበልበዋል። ስለዚህ የፊተኛው ሦስት ጊዜ «ውጣ» ይላል። የኋላው የመጀመሪያውን እንደሰማ ይስባል፤ «ምን አልክ?» ብሎ ነገር የለም። ከሦስተኛው በኋላ የፊተኛው ማንንም አይጠብቅም። የእናትህ ልጅ ቢሆንም እንዳትጠብቀው ይሉ ነበር ሽማግሌው፣ እንደ ዋዛ።

ባለፈው ማክሰኞ ከፊት የተቀመጠው የሴት ልጃቸው ባል ነበር። ከኋላ ደግሞ የገዛ ወንድ ልጃቸው። ሞተሩ አየር ላይ ጠፋ። ወንድ ልጃቸው ወገቡ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል፤ በዚያ ቀን የሆነውን አንዳች አያስታውስም። አማቻቸው ከአውሮፕላኑ ጋር ቀረ።

መርማሪዎቹ ድምፁን እንዲለዩላቸው ሽማግሌውን ጠርተው ከአውሮፕላኑ የተገኘውን የድምፅ ቅጂ አሰሟቸው። አማቻቸው ሦስት ጊዜ «ውጣ» አለ። ልጃቸው «ምን አልክ?» አለ። ይህችኑ «ምን አልክ?» በልምምዱም ጊዜ ብሏት ነበር፤ አባትየው ግን ልጄ ነው ብለው፣ ስቀው ማለፉን ፈርመውለታል። አማቻቸው አራተኛም አምስተኛም ተጣራ። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እህትህ አደራ ብላኛለች፤ ውጣ እንጂ» አለ። ያኔ የኋላው ወንበር ተተኮሰ። ለፊተኛው ለመውጣት የሚበቃ ከፍታ አልተረፈም።

ሽማግሌው ከዚያ በቀጥታ ሴት ልጃቸው ቤት ሄዱ። የባሏ የሥራ ጃኬት አሁንም ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። የሁለት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው መጥታ ጭናቸው ላይ ወጣች። እናትየዋ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ለምንድነው ያልወጣው?» አለቻቸው። መልስ ሳትጠብቅ ቀጠለች። «ጠዋት በር ላይ ወንድሜን አደራ ብዬው ነበር። እሱን ሲጠብቅ ነው?»

እውነቱን ከነገሯት ያችን «አደራ» የምትል አንዲት ቃል ዕድሜ ልኳን ይዛት እንደምትኖር ያውቃሉ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ወንበር ከድቷቸው አያውቅም፤ ያላቸው ኩራትም እሱ ብቻ ነበር።

«ወንበሩ ነው» አሉ። «እሱማ ስቧል፤ አልተተኮሰለትም። መጨረሻ የፈተሽኩት እኔ ነኝ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

«ስቧል?»

«ስቧል።»

ከዚያ ተነስታ ልጅቷን ከጭናቸው አነሳች። ሕፃኗ የኮታቸውን ቁልፍ ጨብጣ ስለነበር፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀች።

«ውጣልኝ» አለች።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው። አባ ሦስቴ ሁለተኛውን ሳይጠብቁ ተነሱ።