ስድስት ቮልት

«ጻፍ እንጂ» አለ አያ ክንዱ። «ምነው እስክሪብቶ ጨብጠህ ዝም?»

አምሐ ነጭ ወረቀት ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ገና ማለዳ ስለሆነ ለቀስተኛው አልሞላም። ሌሊቱን የዘነበው የሐምሌ ዝናብ ሸራውን አጉብጦት ኖሮ አንድ የእድር አባል ከሥር በረጅም እንጨት እየገፋ ውኃውን ወደ ውጭ ያፈሳል። አምሐ የሚሰማው የዚያን ውኃ መውረድ ነበር፤ የአጎቱ ድምፅ ከግድግዳ ወዲያ የሚመጣ ይመስለዋል።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ነገርኩህ። ‹የሟች የመሪጌታ ሐብተ ማርያም መኪና አንዳች ጉድለት አልነበረባትም። ስለዚህ ሹፌሩ፣ መንገድ ላይ ቆመው መስታወት ሲጠርጉ አገኘኋቸው ያለው ሐሰት ነው።› ለትራፊክ ፖሊስ ነው የሚገባ። እኔማ ልጻፈው ብል ፍየል የረገጠው ይመስላል።»

እንጨት የያዘው የእድር ሰው ሊስቅ ጀመረና ያለበትን ቦታ አስታውሶ አፉን በክንዱ ሸፈነ።

አምሐ «ለ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ የሚከተለው አልመጣለትም።

አባቱ የሞቱት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ከትክል ድንጋይ ሲመለሱ አንድ የጭነት መኪና ኩርባ ላይ መታቸው። ሹፌሩ ምንዳዬ የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነው። አልሸሸም። ራሱ አንሥቶ ጤና ጣቢያ አደረሳቸው፤ እዚያ ሲደርሱ ግን ነፍሳቸው ወጥታ ነበር። አሁን ታስሯል። የሰጠው ቃል አጭር ነው፦ ሽማግሌው መኪናቸውን ዳር አቁመው፣ መንገዱ ላይ ሆነው፣ መስታወት እየጠረጉ ነበር፤ ፍሬን ያዝኩ፤ ጭቃው አንሸራተተኝ።

አያ ክንዱ የሟች ታናሽ ወንድም ነው፤ ትክል ድንጋይ አካባቢ አራሽ። የሹፌሩን ቃል ከሰማ ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም።

«ወንድሜ ሠላሳ ዓመት ሲነዳ ለጭቃ ብሎ ከመኪና ወርዶ አያውቅም» አለ፣ አጠገቡ ለተቀመጠው ጎረቤት። «ጫን ሲያደርጋት ፊቷን የምትታጠብ መኪና ናት። ላይ አርማጭሆ ውስጥ የማያውቃት የለም። ገድሎ ሲያበቃ ጥፋቱን በሬሳ ላይ ማላከክ ምን ይባላል?»

«እግዜር ያሳየዋል» አለ ጎረቤቱ።

«እግዜር እስኪያሳየው አምሐ ይጻፍ።»

ድንኳኑ የተተከለው ፀዳ ከተማ ውስጥ ካለው ቤታቸው ፊት ለፊት ነው። ቮልሷ ከድንኳኑ ጀርባ፣ አጥሩ ሥር ቆማለች። ግጭቱ ስላልነካት ፖሊስ አላስቀራትም፤ አርብ ዕለት የሰፈር ሰው ነድቶ አመጣት። አምሐ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሽንት ቤት የሚሄድ መስሎ ተነሣ። መኪናዋ ዘንድ ሲደርስ የለበሰችውን ሸራ ገለጠ።

የፊት መስታወቷ እኩሌታ ንጹሕ ነበር። በመሪው በኩል ያለው ክፍል ተጠርጓል፤ ሌላው በደረቀ ቀይ ጭቃ እንደተለበጠ ነው። ሸራ የተጣለባት አርብ ማታ በመሆኑ ዝናቡ አላበላሸውም። ጥርጊያው በቅስት ተጀምሮ መሐል ላይ ተቋርጧል።

አምሐ ሸራውን መልሶ አለበሳትና ጫፉን በድንጋይ አስያዘው።

መሪጌታ ሐብተ ማርያምን ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ስለሚሏቸው ልጃቸውም ሌላ መጠሪያ አልለመደም። ቮልሷን የገዙት አምሐ ከመወለዱ በፊት፣ አገሩን ለቅቆ ከሚሄድ የውጭ አገር መምህር ነው። በእሷ ቅዳሴ ይሄዳሉ፣ ፍትሐት ይሄዳሉ፤ ምጥ የያዛት ጎረቤት ሐኪም ቤት ያደርሳሉ። ከሁሉም በላይ የሚደነቁባት ግን በውኃ መርጫዋ ነበር።

አምሐ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ኮፈኗን ከፍተው አሳይተውታል። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ከፊት ያለው ትርፍ ጎማና የውኃ ዕቃ ነው። ከጎማው አንድ ቀጭን ጎማ ቧንቧ ወደ ውኃው ይገባል።

«እንግዲህ ምን ይገፋዋል ውኃውን?» ብለው ጠየቁት።

«ሞተሩ።»

«አይደለም። ይኸ ጎማ ነው የሚገፋው፤ አየሩ። ስጫነው ጎማው ይተነፍሳል፣ መስታወቱ ይታጠባል። አየህ፣ ሥራ ፈት ሆኖ የተቀመጠ አንድም ነገር የለባትም።»

ዋጋው ግን ነበረው። ክረምት በገባ ቁጥር ትርፍ ጎማው ይላላል፤ የኔታም በየሳምንቱ ጎሚስታ ዘንድ ሄደው ያስነፋሉ። ጎሚስታው «የኔታ፣ ዛሬስ ስንት ጊዜ ፊቷን ታጠበች?» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። አምሐ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ከተመረቀ በኋላ ይህ ነገር ያናድደው ጀመር። አንድ ቀን ጎማ ቢፈነዳባቸው ትርፉ ባዶ ሆኖ ሊያገኙት ነው። ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ፣ አንድ ማብሪያ፣ ሁለት ሜትር ሽቦ፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው አላቸው። ሁለት ክረምት ሙሉ ነዘነዛቸው።

«የሚሠራ ነገር ምን ያስነካሃል?» ይሉት ነበር። ዘንድሮ ግን፣ ሥራ ፍለጋ ደክሞት ቤት መዋል ሲጀምር፣ አንድ ጠዋት ቁልፏን አውጥተው ሰጡት።

«እስቲ የተማርክበትን አሳየኝ።»

«አላለቀሰም እኮ» የሚል የሴት ሹክሹክታ በመስኮት ወጣ። አምሐ ከመኪናዋ ሲመለስ በቤቱ ግድግዳ ሥር እያለፈ ነበር። ውስጥ ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ከእናቱ ጋር ተቀምጠዋል።

«አፈር ሲመለስ እንኳ? አካፋውን ነበር የሚያይ።»

«ወንድ ልጅ ነው፣ ይውጠዋል።»

«ይህን ያህል?»

እውነታቸውን ነው። ቀብሩ ላይ ያየው አካፋውን ነበር። እጀታው ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል፤ ሽቦው ሦስት ጊዜ ተጠምጥሟል።

በሩ ላይ እናቱ ይመኙሽ አየችው። ድምፅዋ ጠፍቷል።

«ንፍሮ ቀመስክ?»

«ቀምሻለሁ፣ እማ።»

«ውሸትህን ነው» አለችና አጠገቧ ካለው ሰፌድ አንድ እፍኝ ዘግና ሰጠችው። እንደቆመ አኘከው። አፉ ውስጥ ስንዴውን ከባቄላው መለየት አልቻለም።

ቅዳሜ ነበር። ያለፈው ቅዳሜ። አምሐ አራዳ ገበያ ወርዶ ፓምፑን ሲገዛ ባለሱቁ «ስንት ቮልት ይሁንልህ?» ብሎት ነበር። «መኪና አይደለም እንዴ? አሥራ ሁለት» አለ፣ ጥያቄው ራሱ አስቆት። ቤት ገብቶ የድሮውን ቧንቧ ከጎማው ነቀለ፤ ቆርጦም ለአዲሱ ፓምፕ ማገናኛ አደረገው። ሽቦውን ዘረጋ። የኔታ በርጩማ አውጥተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ሲያዩት ዋሉ። ማታ ላይ ማብሪያውን ተጫነ። ፓምፑ አቃሰተ። ውኃው መስታወቱ ጋ ሳይደርስ፣ ከመርጫው አፍ እንደ ሕፃን ለሃጭ ወረደ።

ሽቦውን ፈተሸ። ሁለቴ ፈተሸ። የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ባትሪዋ ስድስት ነው፣ ልጄ። የጥንት አይደለች? በአሥራ ሁለት ሠርታ አታውቅም።»

አምሐ ፊቱ ጋለ። «ታዲያ ምነው አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅከኝም። ምሩቁ አንተ ነህ።» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ክፋት አልነበረበትም። «ግዴለም። ስድስቱን ፈልገህ ታመጣለህ።»

የድሮው ቧንቧ ተቆርጧል። አዲሱ ፓምፕ አይሠራም። መኪናዋ ሁለቱንም አጥታ አደረች። «ቅዳሜ እጨርሰዋለሁ» አለ አምሐ።

ረቡዕ ማታ የቀድሞ ተማሪያቸው እናት ትክል ድንጋይ ማረፏ ተሰማ። «በሚኒባስ ይሂዱ» አላቸው። «ፍትሐት አድርሼ ቶሎ ልመለስ፣ ሚኒባስ እስኪሞላ ማን ይጠብቃል? አንድ ጆግ ውኃና ጨርቅ እይዛለሁ» አሉት። ሐሙስ ጠዋት ሞተሯ ሲነሣ አልጋው ውስጥ ሆኖ ሰማ። ነቅቶ ነበር። ውጭው ስለሚበርድ አልተነሣም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ይህንን ያሰበው ንፍሮውን እያኘከ ነው፤ አስቦም ምንም አልተሰማው።

በማግስቱ፣ እሑድ፣ ሰልስት ወጣ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ለቀስተኛው ድንኳኑን ሞልቶ ሳለ ሽማግሌዎች መጡ። ሦስት ናቸው፤ ከፊት አባ ፍቅርተማርያም መስቀላቸውን ይዘው። ከኋላቸው አንድ ቀጭን ሽማግሌ ከድንኳኑ ደፍ ሳይገባ ጭቃው ላይ ቆመ። አንገቱ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተሸክሟል። አያ ዋኘው ይባላል፤ የታሰረው የምንዳዬ አባት ነው።

የይቅርታ ልመና ሥርዐት ነው። ከሐዘንተኛው ወገን አንድ ሰው ተነሥቶ ድንጋዩን እስኪያወርድለት ድረስ እንዲያ ሆኖ ይቆማል። ካላወረዱለት ተሸክሞ ይመለሳል፤ ነገሩም የደም ነገር ሆኖ ይቀራል።

«ስለ እመቤታችን ብላችሁ» አሉ አባ ፍቅርተማርያም። «ሕጉ የራሱን ይሥራ፤ ፍጥነቱንም ፍሬኑንም እሱ ያያል። እናንተ ግን ቂሙን አውርዱ።»

አያ ክንዱ ቁጭ እንዳለ መለሰ። «አባ፣ መግደሉን ይቅር እል ነበር፤ እጅ ያመልጣል። ውሸቱን ግን አልልም። ያንን የመሰለ ሰው፣ እንደ ሰካራም መንገድ መሐል ቆሞ ነበር አለ።»

«ልጄ ያየውን ነው የተናገረ» አለ አያ ዋኘው። ድንጋዩ ቀና ስለማያደርገው ለመሬቱ የሚናገር ይመስላል። «ውሸት ነው ካላችሁም፣ የውሸቱንም ጨምሬ ተሸክሜያለሁ።»

«አምሐ፣ ወረቀቱን አንብብላቸው።»

አምሐ ተነሣ። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋው። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«አልጻፍኩትም» አለ። «ውኃ መርጫዋ አይሠራም ነበር። ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ የፈታሁት እኔ ነኝ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

ነገራቸው። ድምፁ ተማሪ ፊት እንደቆመ መምህር ደረቅ ነበር። ጎማውን፣ ቧንቧውን፣ ፓምፑን፣ ስድስቱንና አሥራ ሁለቱን፤ ጆጉንና ጨርቁን። አንድም ነገር አልዘለለም። «መስታወቷ እኩሌታው ተጠርጓል፤ ሸራውን ገልጣችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሹፌሩ ፈጥኖ ነበር ወይ፣ አላውቅም። ቆመው ሲጠርጉ ነበር ያለው ግን እውነቱን ነው። ነገ ፖሊስ ሄጄ ይህንኑ ቃል እሰጣለሁ።»

«ዝም በል» አለ አያ ክንዱ፣ ቀስ ብሎ። «ሐዘን ነው የሚያናግርህ። ተቀመጥ።»

አልተቀመጠም። አያ ክንዱ የወንድሙን ልጅ ፊት ረጅም ጊዜ አየ፤ ከዚያ ጋቢውን ወደ ራሱ ስቦ ተከናነበ። ከጋቢው ሥር ትከሻው ይንቀሳቀስ ነበር።

አምሐ በሰዎቹ ጉልበት መካከል አልፎ ወደ ጭቃው ወጣ። ድንጋዩን በሁለት እጁ ይዞ ከአያ ዋኘው አንገት አነሣው። የሽማግሌው አንገት ቀልቶ ነበር። አያ ዋኘው ቀና ለማለት ሞከረ፣ ወዲያው ግን አልተሳካለትም።

«እግዜር ያጽናህ፣ የኔ ልጅ» አለው።

አባ ፍቅርተማርያም ምርቃት ሊጀምሩ መስቀላቸውን አነሡ። ድንጋዩ መሬት ላይ መቀመጥ ነበረበት፤ ሥርዐቱ እንዲያ ነው። አምሐ ግን አላስቀመጠውም። ወደ ገዛ አንገቱ አነሣውና ጎንበስ ብሎ ወደ ቤቱ በር ሄደ። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁለት። በሩ ላይ የተሰበሰቡት ሴቶች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተከፈሉ። እናቱ ምንጣፉ ላይ ነበረች፤ ሁሉንም ሰምታለች። ፊት ለፊቷ ተንበረከከ።

ከሴቶቹ አንዷ እጇን ልትዘረጋ ስትል ይመኙሽ በዓይኗ ከለከለቻት።

«ከባድ ነው?» አለችው።

«አዎ።»

ከዚያ ሁለት እጇን ዘርግታ ድንጋዩን ከአንገቱ ላይ አነሣች። አቅሟ ስላነሰ ወደ ደረቷ አስጠግታ ነበር ያወረደችው። መሬት አላስነካችውም፤ ጭኗ ላይ አድርጋ አቀፈችው። አምሐ እንደተንበረከከ ቀረ፤ ወዴት መነሣት እንዳለበት አላወቀም።

ይመኙሽ ምንጣፉ ላይ ትንሽ ፈቀቅ አለችለት።