ባሕር ውስጥ የቀረ ጉቶ

ሴሉካ ክፉ ነገር ሲመጣ ከማንም ቀድማ ታየዋለች፤ ባይመጣም ታየዋለች። ልጇ ሳሎታ ወደ አውስትራሊያ መሄጃው ዕጣ እንደወጣላት በተሰማ ዕለት፣ የፎንጋፋሌ ደሴት ጎረቤት ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰብስቦ ሲዘፍን፣ እሷ ጓዳ ገብታ ልጅቷ ብርድ ሲመታት፣ መንገድ ሲጠፋባት፣ ማንም በማያውቃት ሆስፒታል ስትተኛ አንድ በአንድ አየች። ከሁሉ የከፋ ሆኖ ያገኘችው ግን ሌላ ነበር። ልጅቷ አንድ ቀን በቃኝ ብላ ብትመለስ፣ የኔ ነው ብላ የምትቆምበት መሬት ላይኖር ነው።

መሬቱ አለ ከተባለ አለ። አባቷ ያወረሷት ጠባብ ቦታ ከመንገዱ ዳር ይነሳና ደሴቷ ወዳቀፈችው ወደ ውስጠኛው ባሕር ይወርዳል። ሳሎታ ስትወለድ እትብቷ የተቀበረው እዚያ ቦታ ጫፍ ላይ ነው። በላዩ ኮኮናት ተተከለበትና ልጅቷና ዛፉ አብረው አደጉ፤ ዛፉ ቀደማት። በኋላ ባሕሩ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየተጠጋ መጥቶ ዛፉን በቁሙ ጨው እያጠጣ ገደለው። አሁን የቀረው ወገብ የሚያህል ጉቶ ነው። ባሕሩ ሲሞላ አናቱ ብቻ ይታያል፤ ሲሸሽ እንኳ ውሃው እስከ ጉልበት ይደርሳል።

ጎረቤቷ ቲኒላው ቀይ ጀልባውን ያሰረው እዚህ ጉቶ ላይ ነው።

ሴሉካ ገመዱን ያየችው ልብስ ስታሰጣ ነበር። እርጥቡን አንሶላ ትከሻዋ ላይ እንደጣለች ወረደች። ቲኒላው ጀልባው ውስጥ ተቀምጦ መረቡን ይፈታል። ስድሳን ያለፈ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ፣ ለማንም የማይቸኩል ሰው ነው።

«ጋሼ ቲኒላው፣ ይሄ እኮ የልጄ ጉቶ ነው።»

«ጉቶው የልጅሽ፣ ውሃው የዓሣ፣ ገመዱ የኔ» አላት ቀና ሳይል። «ታዲያ ማን ከማን ተጣላ?»

አንሶላዋን እንደያዘች ተመለሰች። ዛሬ ገመድ ያሰረ ነገ ችካል ይተክላል፤ ችካል የተከለ ከነገ ወዲያ አባቴ ያወረሰኝ ነው ይላል። ያን ጊዜ ሳሎታ በሰው አገር፣ እሷ ደግሞ በመቃብር፤ መቃብሩም በባሕር ተወስዶ። ይህን ሁሉ አንሶላውን አስጥታ ሳትጨርስ አሰበችው።

በዚያው ሳምንት ሬዲዮ ሰማች። ዓሣ እያጸዳች ነበርና ግማሹ አመለጣት፤ ግማሹ ግን በቃት። የዓለም ትልቁ ፍርድ ቤት ዳኞች ተናግረዋል አለ ሬዲዮው። አንድ አገር አንዴ ያሰመረችውን የባሕር ድንበር፣ ባሕሩ ከፍ ስላለና ዳርቻዋን ስለበላው ብቻ እንደገና እንድታሰምር አትገደድም። ሴሉካ ቢላዋውን አስቀመጠች። አገር ድንበሯን ባሕር ውስጥ ካላጣች፣ እኔ የአባቴን ወሰን ለምን አጣለሁ አለች።

ሳሎታ ይህን ስትሰማ ከሳቋ ብዛት ምንጣፉ ላይ ተጋደመች።

«እማ፣ እሱ እኮ የአገር ድንበር ነው። ያንቺ የጀልባ ማሰሪያ ነው።»

«አገር ከምን የተሠራ መሰለሽ?» አለች ሴሉካ። «ከኔና ከቲኒላው ነው።»

ከዚያም የክት ቀሚሷን ለብሳ ወደ መሬት ዳኞቹ ሄደች። ሦስት ሽማግሌዎችና አንዲት ጸሐፊ ናቸው። የበላያቸው አባባ ካይቱ እድሜያቸውን ራሳቸውም አያውቁትም፤ ክርክር ሲረዝም ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ተኝተው ይሁን እያሰቡ ማንም ደፍሮ ጠይቆ አያውቅም። ሴሉካ ሬዲዮ የሰማችውን ከዳር እስከ ዳር ነገረቻቸው፤ ያመለጣትን ግማሽ ከራሷ ሞላችው። የፈለገችው አንድ ነገር ነው። የሐሙሱ አውሮፕላን ልጅቷን ይዞ ከመነሳቱ በፊት፣ ቦታው እስከ ጉቶው ድረስ በሳሎታ ስም እንዲጻፍላት።

ነገሩ እዚያው ባለቀ። ቲኒላው ግን ዳኛ ፊት መከሰሱን ከሰው አፍ ሰማና ኮራ። ከከሰሰችኝማ እኔም የምናገረው አለኝ ብሎ መጣ፤ ጉቶው እንዲያውም በኔ ወሰን ውስጥ ነው አለ። ይህን ሲል ያምንበት እንደሆነ አልታወቀም። ሴሉካ ግን አመነችው። አባባ ካይቱ ዓይናቸውን ገለጡና፣ የወሰኑ ድንጋይ ይፈልግ፣ ማክሰኞ ባሕሩ ሲሸሽ እንወርዳለን ብለው ነገሩን ቋጩት።

ማክሰኞ መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ዳኞቹ ሽርጣቸውን እስከ ጭናቸው ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡ። ጸሐፊዋ መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልላ ጭንቅላቷ ላይ አደረገች። ከዳር የቆሙት ደግሞ የሽማግሌዎቹን እግር ቅጥነት እያነሱ ይሳሳቁ ጀመር፤ አንዷ ሴትዮ እንዲህ ያለ ነጭ ጉልበት ከሰርጌ ወዲህ አላየሁም አለች፣ ባሏ ከጎኗ ቆሞ። ሴሉካ ብቻ አልሳቀችም። ከዳኞቹ አንዱ ተንሸራቶ ሲሰበር፣ ጥፋቱም በእሷ ላይ ሲላከክ እያየች ነበር።

የመንገዱ ዳር ድንጋይ እንደነበረ አለ። የታችኛው ግን ውሃ ውስጥ ነው፤ በእግራቸው እየዳበሱ ፈለጉት። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንደኛው ዳኛ አውራ ጣቱን መታና ክፉ ቃል ተናገረ። ተገኘ ማለት ነው። ገመድ ከድንጋይ ድንጋይ ተወጠረ።

ጉቶው ከገመዱ ወዲያ ሆነ። ሁለት እርምጃ ያህል፣ በቲኒላው በኩል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ሴሉካ ለዚህ ሰዓት ዕድሜዋን ሙሉ ስትዘጋጅ ኖራ፣ ሲደርስ ምን እንደሚደረግ አላወቀችም። እዚያው ውሃው ውስጥ ቆማ የቀሚሷን ጠርዝ ጨመቀችው፤ ለቀቀችው፤ ደግሞ ጨመቀችው። ቲኒላውም እንዳሸነፈ ሰው አልሆነም። ፊቱን ወደ ጀልባው አዙሮ ያልላላ ገመድ ያጠብቃል።

ሳሎታ ናት ያጎነበሰችው። ድንጋዩን በሁለት እጇ ዳበሰችና፣ አያቴ የወሰን ድንጋይ አናቱ ላይ የመስቀል ምልክት አለው ይሉ ነበር፣ ይሄ ግን ልሙጥ ነው አለች። ሁለት ጎረምሶች ገብተው አብረዋት ገለበጡት። መስቀሉ ከሥር ነበር፤ አሸዋ ሞልቶበታል።

አባባ ካይቱ በዱላቸው ድንጋዩን መታ መታ አደረጉት።

«በጭንቅላቱ ቆሟል» አሉ። «ያ ትልቁ ማዕበል የመታን ጊዜ ነው ያንከባለለው። ሴሉካ፣ ያንን ሬዲዮ የሰማሽውን እስቲ ድገሚልኝ።»

ተኝተው አልነበረም ማለት ነው። ሴሉካ ደገመችው፤ ባሕር ቢነሳም ድንበር አብሮት አይሄድም።

«እንግዲያው ድንጋይ ቢንከባለልም ወሰን አይንከባለልም» አሉ አባባ ካይቱ። «ቀድሞ የት ነበረ? የሴሉካ አባት ሞተዋል። የምታውቀው አንተ ነህ፣ ቲኒላው።»

ሁሉም ወደ ቲኒላው ዞረ። ሴሉካ ዓይኗን ጨፈነች። እሷ ብትሆን በእሱ ቦታ ምን እንደምትል አሰበች፤ እውነቱን እላለሁ ብላ መማል አልቻለችም፤ ስለዚህ እሱም አይልም ብላ ቆረጠች።

ቲኒላው ሆዱን አከከ። ጀልባውን አየ፤ ጉቶውን አየ።

«ይሄ ዛፍ ሲተከል እኔ ነኝ ቀና አድርጌ የያዝኩት» አለ። «አባትሽ ክፉ ሽማግሌ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ችግኙን ያዝልኝ፣ ግን ወሰኔን እንዳታልፍ አሉኝ። ድንጋዩ ላይ ቆሜ እጄን ዘርግቼ ያዝኩላቸው። ክንዴ ዝሎ ዝሎ ሲያልቅ፣ ቀና አላደረግከውም ብለው ሰደቡኝ።»

ሄዶ ከጉቶው ወዲያ ቆመ፣ ፊቱን ወደ ጉቶው መለሰ፣ ክንዱን ዘረጋ። ጣቱ ጉቶውን ነካ።

«እዚህ ነበር» አለ። «ከእግሬ ሥር።»

ሴሉካ ዓይኗን ስትገልጥ ጎረምሶቹ ድንጋዩን ጎትተው ቲኒላው እግር ሥር እያስቀመጡት ነበር፣ መስቀሉ ወደ ላይ። ክፉ ዕድል ቢመጣባት የምትለው ሞልቶ ነበር፤ ለደግ ያዘጋጀችው ግን አንድም ቃል አልነበራትም። እግርህን ቆረጠመህ እንዴ፣ ለረጅም ጊዜ ውሃ ውስጥ መቆም ለቁርጥማት ጥሩ አይደለም አለችው። ምስጋና መሆኑን ተረዳላት።

ጸሐፊዋ መዝገቡን ከጭንቅላቷ አወረደችና ግራ ገባት። ቅጹ የመሬቱን ዓይነት ይጠይቃል፤ የቤት መሬት፣ የኮኮናት መሬት፣ ፑላካ የሚባለው የሚበላ ሥር የሚተከልበት ጉድጓድ። ባሕር የሚል የለውም።

«የኮኮናት መሬት በዪ» አሉ አባባ ካይቱ።

«አባባ፣ ኮኮናቱ የታለ?»

«እትብቱ አለ። ጻፊ፣ ውሃው እየሞላ ነው።»

ተጻፈ። ሰዉ እየተሳሳቀ ወደ ዳር ሲወጣ፣ ቲኒላው ጎንበስ ብሎ ገመዱን መፍታት ጀመረ። ሴሉካ እስከ ጉልበቷ በውሃ ውስጥ እንደቆመች አየችው። ጀልባው ከሄደ ጉቶውን ማን ያየዋል? አንድ ቀን ማዕበል ነቅሎ ቢወስደው እኮ ማንም ሳያውቅ ይቀራል። ጀልባ የታሰረበት ነገር ግን በየጠዋቱ ይታያል።

«ተወው» አለችው። «ይታሰር።»

«ምነው፣ ወሰንሽን አላልፍም ብዬ እኮ ነው።»

«በፈቃዴ ነው። ግን ሐሙስ ወዴትም እንዳትሄድ። አውሮፕላኑ ሲነሳ በዚህ በኩል ነው የሚዞረው፤ ጉቶው ከላይ አይታያትም፣ ቀይ ጀልባ ግን ይታያታል።»

ቲኒላው ገመዱን መልሶ አሰረ። እሺ አላት። ረቡዕ ሦስት ጊዜ ሄዳ አስታወሰችው፤ በሦስተኛው ሚስቱ በሩን አልከፈተችላትም።

ሐሙስ የአውሮፕላን ማረፊያው ሳይረን ጮኸ፤ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ከማኮብኮቢያው አስፓልት ተባረሩ፣ ውሾቹም ተከተሉ። ሳሎታ አንገቷን በአበባ ጉንጉን ሞልታ እናቷን አቀፈቻት። ሴሉካ ስለ ብርድ፣ ስለ ሌባ፣ ቀይ መብራት ስለማይጠብቁ መኪኖች ልትነግራት ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋትና፣ በግራ በኩል ተቀመጪ ብቻ አለቻት። አውሮፕላኑ ተነሳ፣ በባሕሩ ላይ ዞረ፣ አነሰ፣ ጠፋ።

ሴሉካ ቤቷ ገብታ ስልኩን ፊቷ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። አላየችውም ይሆናል። በቀኝ በኩል አስቀምጠዋት ይሆናል። ደመና ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ፤ አውሮፕላን ከምትቀይርበት ከፊጂ የተላከ መልእክት ነው።

«እማዬ፣ ደረስኩ። ጀልባውን አየሁት፣ በደንብ ነው ያየሁት። ግን ገመዱ በጣም ረዝሟል፤ ንፋስ ቢመጣ ከድንጋይ ጋር ይጋጭና ይሰበራል። ለጋሼ ቲኒላው ዛሬውኑ ንገሪው፣ እንዳትረሺ።»

ሴሉካ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከአንድ ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ሆና የገመድ ርዝመት ያየች ልጅ የማን ልጅ እንደሆነች መጠየቅ አያስፈልግም። የዕለቱን የመጀመሪያ ሳቅ ስቃ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ወደ ቲኒላው ቤት ሄደች።