ሦስተኛው ቁልፍ

«ቆልፍ ያልከኝ አንተ ነህ!» አለ ሾፌሩ ኢተፋ።

«ቁልፉን ውስጥ ትተህ ቆልፍ አልኩህ?» ጥበቃው አሻግሬ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። «ሰው ቤቱን ሲቆልፍ ቁልፉን ለአይጥ ትቶ ይወጣል?»

«ጆሮዬ ላይ ስትጮህብኝ ምን ላድርግ! አንተ ስትጮህ እኔ እቆልፋለሁ። ዓመቱን ሙሉ ያስለመድከኝ ይህንኑ ነው።»

«ሁለታችሁም ዝም በሉ!» አለች ጸሐይ።

የሰፈራ አምባው ጤና ረዳት ጸሐይ ከቃሬዛው አጠገብ ተንበርክካ፣ አንድ እጇን በየዝና ሆድ ላይ አሳርፋ ነበር። የዝና ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ዛሬ ጠዋት የልጁ እጅ ቀድሞ ወጣ። ጸሐይ በስልጠናዋ ጊዜ ስለዚህ ነገር የተነገራት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ አትጎትቱ፣ ላኩ። የሚላከው ደግሞ አሶሳ ነው፤ በዝናብ መንገድ በመኪና ሁለት ሰዓት ያስኬዳል።

መኪናዋ ደግሞ እዚሁ ፊታቸው ቆማለች። በመስታወቱ ሲያዩ ቁልፉ በቀይ ክሩ መሪው ሥር ተንጠልጥሎ ይታያል።

የአምባው መኪና ይህች አንዲት ነጭ ቶዮታ ናት። አምና አንድ የሌላ አምባ ሾፌር እህል እንደጫነ ወደ ሱዳን ድንበር ነድቶ ከጠፋ ወዲህ፣ ሾፌር ሽንቱን ለመሽናት እንኳ ሲወርድ በሩን ሁሉ እንዲቆልፍ ጥብቅ ትእዛዝ ወጥቷል። ያን ቀን ተረኛ የነበረው ጥበቃ፣ የዚህ አምባ ነዋሪ፣ ሰባት ወር ታስሮ ሲመለስ ከጎረቤት ጋር መነጋገር ትቶ ነበር። አሻግሬ የዚያን ሰው ጎጆ በየቀኑ ያልፋል። ስለዚህ ቃሬዛው ሲመጣ ኢተፋ የኋላውን በር ሊከፍት ዘሎ ሲወርድ «ቆልፍ!» ብሎ ጮኸበት። የኢተፋም እጅ ከራሱ ቀድሞ ታዘዘ፤ መቆለፊያውን ተጭኖ፣ እጀታውን ስቦ፣ በሩን ጠረቀመው። ከኋላው በር ደርሶ እጁን ሲያይ ባዶ ነው።

የአጥር ሽቦ አምጥተው ሞከሩ። የመስታወቱ ጎማ ድርቅ ያለ ነው፤ ሽቦው ጫፉ ገብቶ ተጣመመ። ደግመው ሞከሩ፤ ተሰበረ።

የየዝና ባል ቢያድግልኝ የሰው ራስ የሚያህል ድንጋይ አነሣ።

«ወንድም ዓለም፣ አስቀምጠው» አለ አሻግሬ። ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። «የመንግሥት ንብረት ነው።»

«ሚስቴስ? እሷስ የማን ናት?»

«አንተ ትሰብራለህ፤ አሻጥር ተብሎ የምታሰረው እኔ ነኝ። ልጆቼን አንተ ታሳድጋለህ?»

«አያ አሻግሬ፣ ትሞታለች እኮ» አለች ጸሐይ።

«ትርፉ ቁልፍ የአምባው ሊቀመንበር ዘንድ ነው። ሰው ይላክ።»

«ሊቀመንበሩ አሶሳ ስብሰባ ላይ አይደለም? በእግር ተሂዶ?»

አሻግሬ ወደ መኪናዋ ተጠግቶ ቆመ። ላብ ከግንባሩ ወደ ዓይኑ ሲወርድ አልጠረገውም። ጠመንጃውን ግን ወደ ትከሻው አልመለሰውም፤ ቢያድግልኝም ድንጋዩን አልጣለም።

ኢተፋ እጁን በወገቡ ላይ አኖረ። ከሱሪው ወገብ እጥፋት ውስጥ፣ በክር ከተሰፋ እራፊ ሥር፣ ጠጣሩን ነገር ዳበሰው።

ባለፈው ሐምሌ ነበር ያሠራው። ወንድሙን ዲሳሳን ለዘመቻ ወስደውት ወሬው ሲጠፋ፣ ሾፌሮችም ወደ ሰሜን ሊወሰዱ ነው ሲባል፣ አሶሳ ገበያ ጥግ ላይ ቆርቆሮ የሚበይድ፣ ከመንጌ ከተማ የመጣ አንድ ሰው ዋናውን ቁልፍ በሳሙና ላይ አትሞ፣ ከነሐስ ማንኪያ እጀታ ሌላ ሞረደለት። ሰውየው ለምን እንደሆነ አልጠየቀውም። ኢተፋም ለራሱ በግልጽ አልነገረውም፤ ወደ ሱዳን ድንበር የሚያወጣው የኩርሙክ መንገድ ግን በሐሳቡ አልነበረም ማለት አይቻልም። ሐምሌ አለፈ፣ ሾፌሮቹም አልተወሰዱም። ቁልፉን ሊጥለው ሦስት ጊዜ ወንዝ ዳር ወርዶ ሦስቱንም ጊዜ ይዞት ተመለሰ። ወባ ሲይዘው እንኳ ሱሪውን አውልቆ አልተኛም።

አሁን ቢያወጣው የሚሆነውን ያውቀዋል። ሁለት ቁልፍ እንዳለ አምባው ሁሉ ያውቃል። አንዱ በመስታወቱ ይታያል፤ ሌላው ሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ ነው። ይሄኛውን ከየት አመጣህ ሲሉት ምን ይላል? መሬት ላይ አገኘሁት? ሾፌር በስውር ቁልፍ አሠራ ከተባለ ሰባት ወር አይደለም የሚጠብቀው።

የዝና መጮኽ አቁማ ነበር። ዓይኗን ሳትገልጥ «ቢያዴ» አለች፤ «ዱቄቱን ደጅ አስጥቼዋለሁ። ዝናብ ሳይመጣ አስገባው።»

ቢያድግልኝ ድንጋዩን እንደያዘ ማልቀስ ጀመረ።

ኢተፋ ፊቱን ወደ መኪናዋ አዞረ። የሱሪውን ወገብ በጥርሱ ለመድረስ አይመችም፤ የተሰበረውን ሽቦ አንሥቶ በጫፉ ስፌቱን ተረተረው። የበሩን ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ሳተ። በሦስተኛው ገባ። ነሐሱ እንዳይሰበር ቀስ አድርጎ አዞረው፤ መቆለፊያው ከውስጥ ብቅ አለ።

አሻግሬ ቢጫውን ቁልፍ አየ፤ ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ ቀይ ክር ያለውን አየ፤ ከዚያ ኢተፋን አየ።

«አንሱዋት እንጂ!» አለች ጸሐይ።

መኪና ያለ ጥበቃ አይወጣምና አሻግሬ ከኢተፋ ጎን ተቀመጠ፤ ጸሐይና ቢያድግልኝ ከኋላ ቃሬዛውን ያዙ። ጭቃው ሁለት ጊዜ ጎማ አንሸራተተ። ከኋላ የጸሐይ ድምፅ «ቀስ! ቀስ!» ይላል፤ ወዲያው ደግሞ «ፍጠን!» ይላል።

የመንገዱ እኩሌታ ላይ አሻግሬ አፉን ከፈተ።

«ለሊቀመንበሩ ሪፖርት አደርጋለሁ፣ ኢተፋ።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ባላደርግ ሌላው ያደርጋል። ያኔ ሁለታችንም ነን።»

«አውቃለሁ አልኩህ።»

አሻግሬ ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ መንገዱን ተመለከተ። አንድ ድልድይ አለፉ።

«ስብሰባው የሚያልቀው አሥራ አንድ ሰዓት ነው» አለ። «ስብሰባ አቋርጬ አልገባም። ደንብም አይደለ።»

ኢተፋ የእጅ ሰዓቱን አላየም። ፀሐይዋን አይቶ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይሆናል ብሎ ገመተ።

ሆስፒታሉ ግቢ ሲደርሱ አንዲት ነርስ ከበረንዳው ወርዳ የየዝናን የእጅ ደም ሥር ያዘች። «በሕይወት አለች! ወደ ውስጥ! አራት ሰው ያንሣ!» ብላ ጮኸች። ቢያድግልኝ በራስጌ፣ ጸሐይ በጎን፣ የሆስፒታሉ ዘበኛ በግርጌ ያዙ። አንድ ሰው ጎደለ። አሻግሬ ጠመንጃውን በጀርባው አንግቶ አራተኛውን እጀታ አነሣ፤ ወደ ኋላው አልዞረም።

ኢተፋ ሞተሩን አጠፋ። ቀይ ክር ያለውን ቁልፍ ነቀለና ከነሐሱ ጋር አንድ ላይ በእራፊው ቋጥሮ ወንበሩ ላይ አኖረው። የበሩን መስታወት እስከ ታች አወረደ። በሩን ገጠመው፤ አልቆለፈውም።

የግቢው በር ላይ አስታማሚዎች ሳህንና ምንጣፍ ይዘው ይገባሉ። አንዲት የማንጎ ሻጭ ሴት ቅርጫቷን ከመንገድ ወደ ጎን ሳብ አደረገችለት። አመሰገናት፤ ወደ ኩርሙክ የሚወስደውን መንገድ ይዞም በእግሩ ሄደ።