የወይንሸት ቆርች

ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ቤቷ ትረፍ» ብለው በሸኟት ማግስት፣ አልጋነሽ ወደ አገሯ ቢጠና ከመመለሷ በፊት የሶዶን አሮጌ ቤተ መንግሥት ማየት እንደምትፈልግ ለልጇ ለይስሐቅ ነገረችው። ልቧ ግን ወንበሩና መጋረጃው ላይ አልነበረም። ከግቢው ጀርባ፣ የበኩር ልጇ ወይንሸት በተቀበረችበት ቦታ የተተከለ ቆርች የሚባል እሾሃማ ዛፍ አለ። ቆርች ቅርንጫፉን ቆርጠው ቢተክሉት ይጸድቃል። አልጋነሽ የፈለገችው አንድ ቅርንጫፍ ነው፤ ስትሞት መቃብሯ ላይ የሚተከል።

«እሷ እዚህ፣ እኔ እዚያ መቅረቴ ካልቀረ፣» አለችው፣ «ዛፋችን እንኳ አንድ ይሁን።»

ወይንሸት ስትሞት ይስሐቅ ገና አልተወለደም። አባቱ የግቢው አትክልተኛ ነበር። ሕፃኗ የሞተችው በክረምት ነው፤ ጎርፍ የቢጠናን መንገድ ቆርጦት ስለነበር እዚያው ከሠራተኞች ቤት ጀርባ እንዲቀብሯት ተፈቀደላቸው። ድንጋይ ማቆም ግን ተከለከሉ። አባቱ ቆርች ተከለ።

ቅዳሜ ነበርና ግቢው በሙሽሮች ተሞልቷል። ደረጃው ሥር ሦስት ሰርገኛ ፎቶ ለመነሳት ተራ ይጠብቃል። አንድ ሚዜ፣ ይስሐቅ ደግፎ የሚያወጣትን አልጋነሽን አይቶ ሳቀ።

«እማማ፣ እርስዎም ተራ ይዘዋል?»

«የኔ ደርሷል ልጄ። እናንተ ተነሱ።»

አስጎብኚዋ ሩት አንገቷ ላይ ባጅ ያንጠለጠለች ወጣት ናት። በገመድ የታጠረውን ትልቁን ወንበር እያሳየች ማን ይቀመጥበት እንደነበር ማስረዳት ጀመረች።

«ትኋን ነበረው፣» አለች አልጋነሽ። «ባሌ ነው ፀሐይ ላይ እያወጣ የሚያራግፈው።»

ሩት ሳቋን ዋጠች። ከዚያ በላይ ግን አልጋነሽ መራመድ አልቻለችም፤ በረንዳው ላይ አስቀመጧት። ከታች የሶዶ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል፤ ርቆ የአባያ ሐይቅ እንደ ጭስ ይታያል። እሷ ዓይኗን ወደዚያ አላነሳችም። «ሂድ፣ ቆርጠህልኝ ና፣» አለችው።

ሩት መንገድ እየመራች ወደ ጀርባ ወሰደችው። የሠራተኞች ቤት የለም። በቦታው በጽጌረዳ የተከበበ ሣር፣ ሣሩ መሃል የልብ ቅርጽ ያለው የብረት ቅስት ቆሟል።

«እዚህ ጋ ቆርች ነበር፣» አለ ይስሐቅ።

«አዎ፣ ነበር። እሾሁ የሙሽሮቹን ቬሎ እየቀደደ አስቸገረ። አምና ከነሥሩ አወጡት።»

«ከነሥሩ? ሲቆፍሩ ያገኙት ነገር አልነበረም?»

«ምን ያገኛሉ? አፈርና ድንጋይ ነው። በመኪና ጭነው የት እንደደፉት እንጃ። ምነው?»

ቅስቱ ሥር አንዲት ሙሽራ ቆማለች። ፎቶ አንሺው ቬሎዋን ሣሩ ላይ ዘረጋግቶ «አገጭሽን ቀና፣ እንደሱ» ይላታል። ይስሐቅ አያት። ልጅቷ የምትስቀው ከልቧ ነበር።

«ምንም፣» አላት ለሩት። ከዚያ ግድግዳው ጥግ ያለውን የሽንት ቤት አጥር አየ። የአጥሩ እንጨቶች አቆጥቁጠዋል። «ያ ቆርች አይደለም?»

«ነው። ግን ዘንድሮ ከገሱባ ያስመጣነው ነው።»

«አንድ ቅርንጫፍ ብቆርጥስ?»

ሩት ግራ እየተጋባች ከዘበኛው ገጀራ ተቀብላ ሰጠችው።

ወደ መናኸሪያ በሚወስዳቸው ባጃጅ ውስጥ ቅርንጫፉን ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። በጣቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰችው፤ እሾሁን አልሸሸችም።

«ከራስጌዋ በኩል ነው የቆረጥከው?»

«ከራስጌዋ።»

ባጃጁ ቁልቁለቱን ጨርሶ አስፋልት ያዘ።

«አባትህ የተከለው ከግርጌዋ ነበር፣» አለች። «ሥሩ ራሷን እንዳይከብዳት ብሎ።»

ይስሐቅ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

«ይሄ ታዲያ ከየት ነው?» አለችው።

«ከሽንት ቤቱ አጥር።»

«የሷስ?»

«ነቅለውታል፣ እማዬ።»

ሹፌሩ ለአህያ ጋሪ ጥሩንባ ነፋ። አልጋነሽ የነጠላዋን ጫፍ ስባ የቅርንጫፉን የተቆረጠ በኩል፣ ገና ያልደረቀውን፣ ቀስ አድርጋ ጠቀለለችው።

«መናኸሪያ ስንደርስ ውሃ አርከፍክፍበት፣» አለች። «ቢጠና ሩቅ ነው።»